የፉዋቲኖ ሰሌን

"እትዬ፣ ልቀቂው! ይቀደዳል!"

"አንቺ ልቀቂዋ!"

አንዱን ጫፍ ፉዋቲኖ፣ ሌላውን የባሏ እኅት ፔኒና ይዘዋል። በመካከላቸው የተወጠረው ለሹመት፣ ለሠርግና ለቀብር ብቻ የሚወጣው፣ እንደ ሻሽ የሳሳው ኢየ ቶጋ የሚባለው ሰሌን ነው። ፉዋቲኖ ዓይኗ እስኪደክም ታትታዋለች። እናቷ ትናንት ሞታለች፤ ቀብሩ ነገ በደሴቲቱ ማዶ ነው። ሴት ልጅ ያለ ሰሌን እናቷን ልትቀብር ከምትሄድ ብትቀር ይሻላታል።

"ቅዳሜ የባሌ ሹመት ነው" አለች ፔኒና። "ሰሌኑ የተታታበት ቅጠል የበቀለው አባቴ መሬት ላይ ነው።"

"ጣቴስ? እሱም አባትሽ መሬት ላይ ነው የበቀለው?"

"ደግሞ አፍ አወጣሽ! ባዳ! ይልቅ አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ይዘሽ ሂጂ። እናትሽ ዓሣ ትወድ ነበር አሉ።"

ፉዋቲኖ ወደ ባሏ ዞረች። ኢዮአኔ የቤቱ አለቃ ነው፤ መንደሩ ሲሰበሰብ ለሁሉም ነገር ሐሳብ አያጣም። አሁን ጎደሬ ይልጣል።

"አንድ ነገር በል እንጂ!"

"እኅቴን ምን ብዬ ልናገር?" አለ፣ ለጎደሬው።

ከመንገዱ ወደ ደሴቲቱ ማዶ የሚሄደው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ። ጎረቤቶችም የመንደሩ ፓስተርም ወደዚያው አላዩም፤ ግድግዳ በሌለው ቤት ውስጥ የሚካሄደው ጠብ ይበልጥባቸዋል። ፔኒና ለእነሱ አቤት ልትል አንድ እጇን አነሣች።

ፉዋቲኖ ያኔ ሰሌኑን ሳበችው። ወገቧ ላይ ጠመጠመችው፣ ጫፉን ሸጎጠችው፣ ከሥሩ ሽርጧን ፈትታ አወጣችና ፔኒና ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

"በይ ግፈፊኝ። ፓስተሩም እያየ ነው።"

ፔኒና እጇን ዘረጋች። ፓስተሩን አየችው። እጇን መለሰች።

"ባለጌ! ሁለተኛ እዚህ ቤት አትገቢም!"

"እሱን ወንድምሽን ጠይቂው፤ ልጦ ሲጨርስ።"

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተቀምጧል። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጭኗን መታ መታ አደረገች።

"ነይ የኔ እናት፣ እኔ ላይ ተቀመጪ። መንገዱ ሩቅ ነው።"

"የእናቴ ነው" አለች ፉዋቲኖ ሰሌኑን እያሳየች። "አይቀመጡበትም።"

የጣሪያውን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች። አውቶቡሱ ሲነሣ ተንገዳገደች፤ ቆማ ሄደች።