የማሽኑ ግዝት

ጽናት እንደገና ደወለች። የአብሮ አደጓ የተሾመች ስልክ አሁንም ዝግ ነው።

ራቤል ከተማ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ስልኩን ከጆሮዋ አላቀቀችና ጠዋት የመጣውን ጥሪ ደግማ አየችው። ተሾመች ደውላላት ነበር። ያኔ ክፍል ውስጥ ስለነበረች አላነሳችም። በዕረፍት መልሼ እደውላለሁ ብላ ነበር፤ ዕረፍት ሲሆን ግን ቴሌግራም ከፍታ ከማታውቀው ሰው ጋር ስትሟገት ዕረፍቱ አለቀ። ተሾመች ወሯ ገብቷል። ባሏ ደብረ ብርሃን የግንባታ ሥራ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ከእናቷ በቀር ማንም የለም። ያለ ምክንያት በጠዋት የምትደውል ሴት አይደለችም።

ጽናት ፈራች። የፈራችበትን ምክንያት ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ የተሾመች ስልክ የተዘጋው በእሷ ጦስ ነው።

ጽናት የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ አገሩ የሚያውቃት ግን በማስተማሯ ሳይሆን በአስተያየቷ ነው። በቴሌግራም ገጿ ላይ የቴክኖሎጂ ዜና እየመዘዘች የልቧን ትናገራለች። ዲጂታል መታወቂያ ሲባል «የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ቢሰረቅ ጣት ይቀየራል ወይ?» ትላለች። ሳተላይት ኢንተርኔት ሲባል «ሰማዩን ከመከራየታችን በፊት ውሉን ማን አነበበው?» ትላለች። «ዜናው የሚነበበው አዲስ አበባ ነው፤ ጣጣው የሚወድቀው እዚህ ግሼ ላይ ነው» የምትላት አባባል አለቻት፤ ሰው ይወድላታል፣ እሷም ትወዳታለች፣ ስለምትወዳትም ከልክ በላይ ትደጋግማታለች።

ባለፈው ሳምንት ያነሳችው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅ መቅዳት ስለመቻሉ ነበር። ማሽኑ የማንንም ድምፅ ይዞ ያሻውን ያናግራል፣ ሕግ አውጪው ግን ገና እንቅልፍ ላይ ነው አለች። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ምሳሌ አስፈለጋት። የአባቷን የቄስ ገብረ አማኑኤልን የስብከት ቅጂ ለማሽኑ ሰጠችና ይህን አስባለቻቸው፦

«ከዛሬ ጀምሮ ሞባይል የነካ፣ ያነሳ፣ የደወለ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ!»

ሆን ብላ የማይመስል ነገር መርጣ ነበር። ስልክን የሚከለክል ግዝት በስልክ ሲመጣ ማን ያምናል? ሰው ይስቃል ብላ አሰበች። ከቅጂው በፊት «ይህ አባቴ አይደሉም፣ ማሽን ነው» ብላለች፤ ከቅጂው በኋላም ደግማዋለች። አንዱ ተነሣና ፊቱንም ኋላውንም ቆርጦ ጥሎ መሐሉን ብቻ ለቀቀው። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። መሐሉ ቀበሌ ለቀበሌ ዞረ፤ የሰማ ሁሉ ለዘመዱ ላከና ስልኩን አጠፋ።

ትናንት ከሰዓት አባቷን አስቀምጣ ቅጂውን አሰማቻቸው። ቄስ ገብረ አማኑኤል ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይኸን መቼ አልሁት?»

«አላሉትም፣ አባዬ። ማሽን ነው። እኔ ነኝ ያሠራሁት።»

«ሳሉ እንኳ የኔው ሳል ነው።» እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ነበር። «ነገ ‹ሰው አስገድለሃል፣ ይኸው ድምፅህ› ቢሉኝ ምን ብዬ እክዳለሁ?»

«ለዚህ እኮ ነው ሕግ ይውጣ የምለው!»

«ሕጉ እስኪወጣ አንቺ ግዝቱን አወጣሽው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ሊናገሩ ቆረጡ። እስከዚያ ድረስ ግን የራሳቸውንም ስልክ አጥፍተው ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። «ምእመኑ ፈርቶ ሲተው እኔ ይዤ ብታይ ግዝት ለበግ እንጂ ለእረኛ አይሠራም ይላሉ» አሉ። ጽናት ብትለምንም ብትቆጣም አልሰሟትም። ያኔ ነገሩ በሁለት ቀን የሚያልፍ ኀፍረት ነበር የመሰላት።

አሁን ግን ፈቃድ እንኳ ሳትጠይቅ ከትምህርት ቤቱ ወጣች። ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሳት፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ስልኩን በእጇ እንደያዘች በገብስ ማሳው ዳር ስትሮጥ አያ ወዳጆ፣ የተሾመች ጎረቤት፣ መንገድ ላይ አገኟትና ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«የቄሱ ልጅ አይደለሽም እንዴ? አባትሽ የገዘቱትን አንቺው ትሽሪ?»

«አያ ወዳጆ፣ እሳቸው አልገዘቱም። ማሽን ነው ድምፃቸውን ያስመሰለው።»

«ማሽን!» አሉ አያ ወዳጆ። «ማሽን እህል ይፈጫል፤ ውኃ ይስባል። ማሽን ገዘተ ሲባል የሰማ አለ?»

«ተሾመችን አይተዋታል?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከጠዋት ጀምራ ከቤት አልወጣችም። ሴቶቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ደህናም አይደለች።»

ጽናት ቀሪውን መንገድ እንዴት እንዳለፈችው አታውቀውም።

የተሾመች እናት እማማ የትምወርቅ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ቀሚሳቸው ላይ ደም አለ። ተሾመች ውስጥ መደብ ላይ ተጋድማለች። ከንፈሯ ነጥቷል። ከሥሯ የተነጠፈው ጋቢ ርሷል፤ ሴቶቹ ሌላ ጨርቅ ይጎትታሉ።

«አምቡላንስ ለምን አልጠራችሁም?» ጽናት ጮኸች።

«በምን እንጥራ?» አሉ እማማ የትምወርቅ። «ስልኩ ጎተራው ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ተቀብሯል። ጤና ኬላ ሰው ልከን ነበር፤ በሩ ዝግ ነው ብሎ ተመለሰ።»

ጽናት እዚያው ደወለች። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አንዷ አማተበች። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ጠየቀ፣ እሷ መለሰች፤ አምቡላንሱ መንገዱ እስከሚያልቅበት ይመጣል፣ እናንተ በቃሬዛ አድርሷት አለ። ተከትለዋት የደረሱት አያ ወዳጆ ይህን ሲሰሙ ስለ ስልኩ ቃል ሳይናገሩ ወጥተው ጎረቤቱን ጠሩ። ቃሬዛው ወዲያው መጣ፤ ጉልበት ያላቸው ወንዶች በሩ ላይ ቆሙ።

«አልሄድም» አለች ተሾመች።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ምን ማለትሽ ነው?» ጽናት አጠገቧ ተንበረከከች።

«ግዝቱን ሰምቻለሁ። ሰምቼም ጠዋት ምጡ ሲጀምረኝ ስልኩን ከገብሱ አወጣሁትና ደወልሁልሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ።» ትንፋሿ አጠረ። «አላነሳሽውም። ስልኩን መልሼ ሳልቀብረው ደሙ መጣ።»

ጽናት በጠዋቱ ክርክር ያሸነፈችው ሰው ትዝ አላት። «ማሽኑ ለበጎ ሥራ ቢውልስ?» ብሎ ጽፎ ነበር፤ «በውሸት ድምፅ የሚሠራ በጎ ሥራ የለም» ብላ አፉን አስይዛው፣ ብዙ ሰው ጭብጨባ ልኮላት ደስ ብሏት ነበር። ያኔ የተሾመች ጥሪ ስልኳ ላይ ነበር።

«ስሚኝ፣ ተሾ። ደሙ የግዝት አይደለም። ሕመም ነው፤ ሐኪም ያውቀዋል። ግዝቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚህ ስልክ። ለምሳሌ ብዬ፣ ለጨዋታ ብዬ። አባዬ አንድ ቃል አልተናገሩም።»

ተሾመች እጇን ያዘቻት፤ እጇ ቀዝቅዟል። «አንቺ ልታድኚኝ ብለሽ የማትይው የለም። አውቅሻለሁ።»

«እውነቴን ነው!»

«እንደተገዘትሁ ወጥቼ መንገድ ላይ ብሞት ፍትሐት አያገኘኝም። እንደ ውሻ ነው የምቀበረው። ይፍቱኝና የምትሉበት እሄዳለሁ። አባ ይፍቱኝ።»

እውነቱን መናገር እንዲህ ዋጋ ቢስ ሆኖ አያውቅም። ጽናት ዞር ብላ እናትየውን አየች፤ እማማ የትምወርቅ ቢያንስ በግድ ያስነሷታል ብላ። እሳቸው ግን ከልጃቸው የባሰ ፈርተዋል።

«ጥሪልን አባትሽን» አሉ። «አንቺ ከነካሽው ወዲያ ስልኩ የፈለገውን ይሁን። በስልክም ቢሆን ይፍቱልኝ።»

«ስልካቸው ዝግ ነው።»

«እንግዲያው ሰው ይሂድ።»

ሰው ራቤል ሄዶ አባን ይዞ እስኪመጣ ቀኑ ይመሻል። ደሙ ግን አይጠብቅም። ጽናት ሳጥን ውስጥ እንደተቆለፈ እያወቀች የአባቷን ቁጥር ደወለች፤ ዝግ። ደግማ ደወለች። በሩ ላይ ከቆሙት ወንዶች አንዱ ቃሬዛውን መሬት አስቀመጠው።

«ስልኩ ከተነሣ ደግሞ» አሉ እማማ የትምወርቅ፣ «በክርስትና ስሟ ይጥሯት። ማሽን ነው ስትይ ሰምቻለሁ። ማሽን ከሆነ ክርስትና ስሟን ከየት ያመጣዋል? እሳቸው ግን የንስሐ አባቷ ናቸው።»

«ኔትወርኩ እዚህ ደካማ ነው፤ ውጭ ወጥቼ ልሞክር» አለች ጽናት።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከድንጋይ ካቡ አጠገብ ቆመች። የአባቷ ድምፅ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ ነው፤ አልሰረዘችውም። የሚያስፈልገው መጻፍ ብቻ ነው። ክርስትና ስሙንም ታውቀዋለች። ልጆች ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ተቀምጠው፣ ለማንም ላይናገሩ ተማምለው አንዷ ለአንዷ የነገሩት ነው። በየትም መዝገብ፣ በየትም ስልክ የለም። ሰው ሳያስብ መረጃውን ለማሽን ይሰጣል እያለች ስንት ጊዜ ተቆጥታለች።

ከቤቱ ውስጥ የተሾመች ጩኸት መጣ፤ መሐል ላይ ተቆረጠ። የጩኸቱ መቆረጥ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራት።

ጻፈች። «አመተ ሥላሴ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ። ተነሺና ሂጂ።»

ማሽኑ ጥቂት አሰበና አባቷ ከነሳላቸው ተናገሩ።

ወደ ውስጥ ስትመለስ የማንንም ዓይን አላየችም። «አግኝቻቸዋለሁ። መሥመሩ ስለሚቆራረጥ በድምፅ መልእክት ላኩት» አለችና ስልኩን ከተሾመች ጆሮ አጠገብ አደረገችው።

ስሙ ሲጠራ የተሾመች ዓይን ተከፈተ። ወዲያው እንባዋ ወረደ። «አሜን» አለች፤ ሴቶቹም አሜን አሉ፤ ወንዶቹም ከበሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው አሜን አሉ። እማማ የትምወርቅ ስልኩን ከጽናት እጅ ወስደው ግንባራቸውን አስነኩትና እንደ መስቀል ሳሙት። ጽናት ስልኩን ከእጃቸው መልሳ ወሰደች።

«አንሡኝ» አለች ተሾመች።

ቃሬዛውን እየተቀባበሉ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሷት። አምቡላንሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ነርሷ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ ሾፌሩን «በል ፍጠን!» አለችው። መርፌ እየወጋች፣ ደም ግፊቷን እየለካች ታዛለች፤ ትጮኻለች። የሆስፒታሉ መንገድ ከራቤል በተቃራኒ ወደ ታች ነው የሚወስደው። እማማ የትምወርቅ ገቡ። ተሾመች ከተኛችበት እጇን ዘረጋች።

«አትመጪም?»

ጽናት እግሯን የመኪናው ደረጃ ላይ አድርጋ ነበር። ደም ለምን እንደሚፈስ ታውቃለች፤ ቢጠይቋት በአስተያየቷ ገጽ ላይ ረጅም ማብራሪያ ትጽፍበታለች። ግዝት ደም እንደማያፈስም ታውቃለች። ይህን ሁሉ እያወቀች ፈራች። ተሾመች ወደ ሞት ወይ ወደ ሕይወት የምትሄደው በማሽን ቃል ተፈትታ ነው፤ ይህንንም ከጽናት በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ብትናገር ተሾመች ከመኪናው ትወርዳለች። ዝም ብላ አብራት ብትሄድ ደግሞ መንገዱን ሙሉ እጇን ይዛ ዓይኗን ልታያት ነው።

እግሯን መለሰች።

«አባዬ ዘንድ ደርሼ እመጣለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?» አሉ እማማ የትምወርቅ። «ፈትተዋት የለም እንዴ? ምን ቀረ?»

«የቀረ አለ።»

በሩ ተዘጋ፤ መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ወረደ። አያ ወዳጆ ቃሬዛውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ባጃጅ አልነበረም። አምቡላንሱ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ያንን ስም አባቷ በገዛ አፋቸው ጠርተው ሊፈቷት ይገባል፤ ለዚህ ደግሞ ጽናት ያደረገችውን ሁሉ ልትነግራቸው ይገባል። ስልኳን አጠፋች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና የራቤልን ዳገት በሩጫ ተያያዘችው።