በቆራጣ የተጠበሰው ዓሣ

ዘሊካ ያን ጉዞ ከመነሻው ጠልታው ነበር። ጣልያን ባሕር ዳር ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ቡርሀን ምጽዋ ወደብ ሲሠራ የለቃቀመውን ጣልያንኛ ይዞ ለጦር ሰፈሩ አስተርጓሚ ሆኗል። አለቃው፣ ሰው ሁሉ «ካፒታኖ» የሚለው መኮንን፣ ጣናን በሞተር ጀልባ እየዞረ የየዳርቻውን ምግብ መቅመስ አማረው። ቡርሀንም ጌታውን ደስ ለማሰኘት፣ ዓሣ መጥበስ እንደ ወንድሜ ሚስት የሚያውቅበት የለም ብሎ ተናገረ። በማግስቱ አስካሪ የሚባሉት የጣልያን ቅጥር ወታደሮች ደጇ ቆመው አገኘቻቸው።

«እኔን ሳትጠይቅ ስሜን ለምን ሰጠኸው?» አለችው ቡርሀንን፣ መጥበሻዋን በጨርቅ እየጠቀለለች።

«ለጥቂት ቀን ነው እትዬ። እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?»

ባሏ ሙሀመድዘይን ታንኳ ሠሪ ነው። ለታንኳ የሚሆን እርጥብ ደንገል ተሸክሞ ውኃው ዳር እንደ ቆመ ቀረ። ወንድሙንም ሆነ አስካሪዎቹን አንድ ቃል አልተናገራቸውም። እሷም ዞራ ሳታየው ጀልባው ላይ ወጣች።

መጀመሪያ ዘጌ አደሩ። ካፒታኖው ማሩን ከነሰፈፉ ቀመሰ፣ ሎሚውን መጠጠ፣ ዶሮ አሳረደ። ሁሉን ነክቶ ምኑንም አልጨረሰም። ሰው ከልጁ ጉሮሮ ነጥቆ ያመጣለትን አንድ ሁለቴ ይጎርስና ቀሪውን ባሕር ውስጥ ይወረውረዋል። ዘሊካ የዶሮው ብልት በውኃው ላይ ሲንሳፈፍ እያየች ጥርሷን ነከሰች። ጾሟን የምታድር ሴት ያመጣችው ዶሮ ነበር። ቡርሀን ግን ጌታው በሳቀ ቁጥር አብሮ ይስቃል።

ከዘጌ ወደ ቆራጣ ሲሻገሩ የከሰዓት ነፋስ መሐል ባሕር ላይ ያዛቸው። ሞተሩ አስነጠሰና ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባዋን እንደ ቅል ያገላብጣት ጀመር። ካፒታኖው ይጮሃል፣ አስካሪዎቹ በጣውላ ይቀዝፋሉ። ዘሊካ በመጥበሻዋ ውኃ እየቀዳች ስትደፋ ክንዷ ዛለ። የኑግ ዘይት የያዘው ማሰሮዋ ተንከባሎ ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተላተመና ተሰበረ። ቆራጣ ሲደርሱ ሁሉም ከራስ እስከ እግሩ ረጥቦ፣ ርቦት ነበር።

ካፒታኖው ግን መሬት ሲረግጥ ጉራው ተመለሰለት። የመንደሩን ሰው አስጠራ። አብሮ እየበላ ፎቶግራፍ ሊነሣ ነው። ወለተ ሥላሴ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት እንጨትና ምድጃ ሰጠች፤ አጥማጆች ቆሮሶ ዓሣ አመጡ።

«ዘይት የለኝም» አለች ዘሊካ።

ካፒታኖው ከሣጥኑ ቆርቆሮ አውጥቶ ከፈተላት። ውስጡ እንደ እርጎ የነጣ ስብ ነው። አሸተተችው፤ ሽታው አዲስ ሆነባት።

«የምን ነው?» ብላ ቡርሀንን ጠየቀችው።

ቡርሀን ከጌታው ጋር ተነጋገረ። ካፒታኖው በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ አለ።

«የላም ነው። የአገራቸው ቅቤ ነው።»

«ወላሂ በለኝ።»

ቡርሀን አቀርቅሮ ጫማውን አየ። «ወላሂ» አለ።

ዘሊካ ዓሣውን በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት አሽታ ጠበሰችው። እስላም ክርስቲያኑ ከአንድ ማዕድ የማይቆርሰው ሥጋን ነው፤ ዓሣ ግን የማን ቢላዋ አረደው ተብሎ የማያጣላ፣ ሁሉም አብሮ የሚበላው ምግብ ነው። ስለዚህ ሰዉ ሳይፈራ ቀረበ። ዘሊካ በእጇ አደለች። ወለተ ሥላሴ ቀድማ ጎረሰች፤ «እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ዘሊካም በላች።

ፎቶው ከተነሣ በኋላ ካፒታኖው በጣልያንኛ አንድ ነገር ተናግሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንዱ አስካሪ የያዘውን ዓሣ መሬት ጣለ። ዘሊካ ጣልያንኛ አታውቅም። አንዷን ቃል ግን፣ የአሳማን ስም፣ ባሕር ዳር ወታደሮቹ ኩሊውን ሲሰድቡ በየቀኑ ትሰማታለች።

«ፖርኮ አለ» አለች ወደ ቡርሀን ዞራ።

«ቀልድ ነው እትዬ።»

ቆርቆሮውን አንሥታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «ይሄ የምንድን ነው?»

ቡርሀን ፊቱን ከቆርቆሮው አዞረ። 

ዘሊካ ሰውነቷ ነደደ። የፈላው ስብ መጥበሻው ላይ ገና ይንጣጣ ነበር። እጀታውን ጨበጠችና ወደ ቡርሀን ፊት አነሣችው። ልትደፋበት ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቀራት። አስካሪው ጠመንጃውን አቀባበለ። የካፒታኖው ሳቅ ተቋረጠ። ከዚያ መጥበሻውን ገለበጠችውና ስቡን በካፒታኖው ጫማና በአሸዋው ላይ አፈሰሰችው። ቆርቆሮውንም ባሕሩ ውስጥ ወረወረችው።

ለሰዉ ዞራ፣ «የበላችሁት የአሳማ ስብ ነው። እኔ አላወቅሁም። ይሄ ግን ያውቃል፤ በአላህ ስም ምሎልኛል» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። አንዳንዱ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ሰደደ። ወለተ ሥላሴ ተፋች፤ ፊቷ ከሰል መሰለ። ወደ ዘሊካ ቀርባ አተኩራ አየቻት።

«እሪያ አብልተሽኝ ነው?»

«እኔ ራሴም በልቻለሁ።»

ወለተ ሥላሴ፣ «እንግዲህ ኃጢአቱ የዚያ ነው» አለችና በአገጯ ቡርሀንን አመለከተች።

አስካሪው ዘሊካን በሰደፍ ትከሻዋን መታት። ወደቀች። ሰዉ ግን አልተበተነም፤ እንዲያውም እየተጠጋጋ መጣ። ካፒታኖው ያን ሲያይ ጀልባዋን በጣውላ አስቀዝፎ፣ ዘሊካን እዚያው ጥሏት ሄደ። ቡርሀን ከጀልባዋ ላይ «እትዬ» ብሎ ተጣራ። ፊቷን አዞረችበት።

ባሕር ዳር የገባችው በእግሯ ነው። ወለተ ሥላሴ ቆሎ ቋጠረችላት። ሴቲቱ ስትሰናበታት ፊቷ አልተፈታም፤ ይህም ዘሊካን አላስከፋትም። በዳርቻው እየሄደች፣ በየወንዙ አፍ በሰው ታንኳ እየለመነች ተሻገረች። ትከሻዋ አብጦ ነበር፤ የሚነዳት ግን ንዴቷ ነው።

ቤቷ ስትደርስ ቡርሀን ስኳርና ሻሽ ይዞ ከወንድሙ አጠገብ ተቀምጧል።

«ወንጀል የለብሽም» አላት ሙሀመድዘይን ቀድሞ። «ሼሁን ጠይቄያቸዋለሁ። ሳታውቂ ነው የበላሽ። እሱም እውነቱን ቢናገር ይገድሉት ነበር።»

«እውነቱን ይናገር አላልሁም» አለች ዘሊካ። «ስጠይቀው ዝም ቢለኝ ይገባኝ ነበር። ዝም ማለት ከዚህ ቤት አልጠፋ። እሱ ግን ማለልኝ። በእጄ ለሰው አሳደለኝ።»

ሙሀመድዘይን ስለ እሱም ጭምር እንደ ተናገረች ገብቶታል።

«አፉ በዪኝ እትዬ» አለ ቡርሀን።

«ቆራጣ ሂድና እዚያ ያሉትን አፉ በሉኝ በል። ከዚያ ና።»

አልሄደም። ቡርሀን ያን ሰሞን ጓዙን ጠቅልሎ ጦር ሰፈር ገባ። ዘሊካ መጥበሻዋን ሙሀመድዘይን ፊት በአሸዋ ፈትጋ ፈትጋ ሰባት ጊዜ አጠበችው፤ ከዚያም የጠራ ስላልመሰላት ለብረት ሠሪ ሰጠችው። ጣልያን ሲወጣ ቡርሀን ከስቶ፣ ልብሱ ተቀዶ መጣ። ሽማግሌዎች ይዞ ነበር። ዘሊካ እንግዳ ናቸውና ለሁሉም ውኃ አቀረበች፤ ለእሱም አቀረበች። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ ትልቁ፣ «ልጄ፣ እንግዲህ ልብሽን አሳርፊው» አሏት።

«ቆራጣ ሄዷል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ወደ ቡርሀን ዞሩ። ቡርሀን መሬት መሬት አየ።

ዘሊካ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስኪሄዱም አልወጣችም።