ወጣሁ ማለት

ወንድሜን ቤት ውስጥ «መጣሁ» ነው የምንለው። የወጣለት ስም ሌላ ነው። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ስንጠራው «መጣሁ» እያለ ከተቀመጠበት ንቅንቅ ስለማይል፣ ይኸው ተለጥፎበት ቀረ። አሁን የሊፍት ጠጋኝ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ፣ ከሊፍቱ ሥር ተጋድሞ ይሠራል። እናታችን ሥራውን ስታስበው ሆዷ ይባባል፤ እኔ ደግሞ ፍርሃቴን ላለማሳየት እቀልድበታለሁ።

እኔ እሱ በሚሠራበት ድርጅት ቢሮ ውስጥ መመሪያ ጸሐፊ ነኝ። ድርጅቱ የጥገና ሥራውን የሚከታተልበት ሲስተም አለው፤ እያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ ነው፣ ሲጀመር ይከፈታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። ዘንድሮ ካርዶቹን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ቀርተው የኤአይ ኤጀንቶች፣ ማለትም ሥራውን በራሳቸው የሚያካሂዱ ፕሮግራሞች፣ እንዲሆኑ ተወሰነ። ኤጀንት ከሰው የሚለየው፣ የተጻፈለትን አንብቦ የተጻፈለትን ብቻ ማድረጉ ነው። የሚያነበውን የምጽፈው እኔ ነኝ።

አለቃዬ ጠረጴዛዬን ተደግፎ «አጭር ይሁን፣ የኔ እመቤት። ማሽን ወሬ አይወድም» አለኝ። አሳጠርኩ። የሊፍቱን ኃይል የሚመለከተውን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሠራተኛው ከጉድጓዱ መውጣቱን ጠይቅ። ወጣሁ ካለ ኃይሉን ልቀቅ፣ ካርዱን ዝጋ።» ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ሊፍቱ እንዳይወርድበት ኃይሉ ይቋረጣል፤ ድሮ የሕንፃው ጥበቃ ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን በባትሪ አይቶ ነበር ማብሪያውን የሚያነሳው። አሁን ማብሪያው ከሲስተሙ ጋር ተገናኝቷል። እውነቴን ነው፣ በጽሑፌ ኮርቼ ጮክ ብዬ ሁሉ አንብቤዋለሁ።

ኤጀንቶቹ ሥራ በጀመሩበት ቀን የመጀመሪያው ካርድ የወንድሜ ሆነ። አለቃዬ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ካርዱ «በሥራ ላይ» ይላል። እሱን እያየን ሳለ እናቴ ደወለች።

«ያንን ወንድምሽን አንድ ነገር በይልኝ» አለች። «ሐኪም ቤት ሊያደርሰኝ ነበር እኮ። ስደውልለት ወጣሁ እማ፣ ወጣሁ ይለኛል፤ ከኋላው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማኛል።»

«ወጣሁ ካለሽ ወጥቷል በቃ» አልኳት፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ።

«አንቺ ደግሞ፣ አታውቂውም እንዴ? ወጣሁ ካለ ገና ነው። ቆይ እስቲ መልሼ ልደውልለት» ብላ ዘጋችው።

ወጣሁ ካለ ገና ነው። እሱ ብቻ መሰላችሁ? እኔስ ብሆን ጫማዬን እየፈለግሁ «ደረስኩ» እል የለም? አልጋ ውስጥ ሆኜ «ተነሣሁ» እል የለም? ሁላችንም እንዲህ ነው የምናወራው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው እኔ የጻፍኩለትን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ «መጣሁ» እያልኩ ያሾፍኩበትን ልጅ፣ ነፍሱን በአንዲት ቃል ላይ አንጠልጥዬዋለሁ።

ደወልኩለት። መስመሩ ተይዟል። እናቴ ናታ።

«ኃይሉን ከዚህ ሆነን መቆለፍ እንችላለን?» አልኩት አለቃዬን።

«ከኤጀንቱ በቀር የሚነካው የለም። አንቺው አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?» አለኝ እየሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁ ደርቆ ቀረ። የጥበቃውን ቁጥር ፍለጋ ስልኩን ይጎረጉር ጀመር። ለካ ጥበቃውን ከሥራው ስናነሳ ቁጥሩንም አጥፍተነዋል።

ካርዱ ላይ ጽሑፍ ብቅ አለ። ኤጀንቱ ነው፦ «ከጉድጓዱ ወጥተዋል?»

ከሥሩ ወዲያው የወንድሜ መልስ መጣ፦ «ወጣሁ።»

ስልኩን በትከሻው ይዞ እናቴን እያባበለ መፍቻውን ለአፍታ አስቀምጦ የሥራ ታብሌቱ ላይ በአንድ ጣት ሲጽፈው ታየኝ። ኤጀንቱ ቀጠለ፦ «መልስ ደርሷል። መመሪያውን በማንበብ ላይ።»

መመሪያውን። መመሪያው እኮ የኔ ነው። ከፈትኩት። ከጥድፊያዬ የተነሣ አንዱን ፊደል ስነካ ሌላው ይመጣል። ያንን የኮራሁበትን ጽሑፍ ጠርጌ አጥፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወጣሁ ማለት አልወጣም ማለት ነው። ኃይል አትልቀቅ።» አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች። አለቃዬ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀርቷል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ካርዱ ተንቀሳቀሰ። «በመመሪያው መሠረት ሠራተኛው አልወጣም። ኃይል አልተለቀቀም።»

አለቃዬ ወንበሩ ላይ ተዘረረ። እኔ ገና ትንፋሼን ሳልሰበስብ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ማሽናችሁ ምን ነክቶታል? ወጣሁ ስለው አልወጣህም ብሎ ይከራከረኛል። እማ ደግሞ አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ።»

«የት ነህ አሁን?»

«ወጣሁ አልኩሽ እኮ።»

ከኋላው ብረት ሲቀጠቀጥ ይሰማኛል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩት። አፍንጫዬን ሳብ አደረግሁ።

«ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አቆምኩ፣ አቆምኩ» አልኩት። እንባዬ ግን ገና መውረድ መጀመሩ ነበር።