ለሰባት ስፒከር አንድ ወንበር

የታናሽ እህቴ ባል የጥርስ ሐኪም ነው። እጁ ቀላል ነው ይሉታል፤ እኔም አፌን ከፍቼለት ስላየሁት አልክድም። ችግሩ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ወንበር ዙሪያ ሲዞር መኖሩ ነው። ከዚያ የተነሳ ዓለም ሁሉ አንድ ሰው መሃል ላይ ተጋድሞ ሌላው ዕቃ ዙሪያውን የሚደረደርባት ክፍል ትመስለዋለች።

ይህን ጠባዩን በደንብ ያየሁት የቤታቸውን ቤዝመንት፣ ከደረጃው በታች ያለውን ሰፊውን የቤተሰብ ክፍል፣ እንደ ሲኒማ ቤት ከየአቅጣጫው ድምፅ የሚመጣበት ሊያደርገው በተነሳ ጊዜ ነው።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ይምጡልኝ" አለኝ በስልክ። "ሰባት ስፒከር መጥቶልኛል። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ቤዙ ሲጨመር ስምንት። ያለ እርስዎ ጆሮ አንዱንም አልሰቅልም።"

ስለ ጆሮዬ ላስረዳ። እኔ ፖስታ ቤት ደብዳቤ በየሰፈሩ እየለየሁ የምውል ሰው ነኝ። ስለ ድምፅ ያስተማረኝ የለም፤ የተማርኩት ሰዎች ካርቶን ውስጥ ከሚተዉት የመመሪያ ደብተርና ዝም ብሎ ከመስማት ነው። መስማት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እሱን ደግሞ በጸሎት ስለምን ኖሬ ትንሽ ተሰጥቶኛል። ዘመዶቼ ሥራ ፈት ይሉኛል፤ ቴሌቪዥናቸው ሲያንሾካሹክባቸው ግን የሚጠሩት እኔን ነው።

ቅዳሜ ስደርስ በሩን የከፈተችልኝ እህቴ ናት። ሰላምታውን እንኳ አላስጨረሰችኝም፤ ክንዴን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተችኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ሶፋው ለድምፅ ጥሩ ነው በለው።"

"የትኛው ሶፋ?"

"የታችኛው ነዋ! ግድግዳው ሥር ያለው ረጅሙ። ሊያስወጣው ነው። አየህ፣ እዚህ ላይ ሁሉም በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው። አንድ ላይ የምንሆነው እዚያ ሶፋ ላይ ስንወርድ ብቻ ነው። የእሱ አባት ጥጉን ይይዛሉ፣ ልጆቹ እግራቸውን እኔ ላይ ይጥላሉ፣ እሱም ከክሊኒክ ሲመጣ መሃላችን ይሸጎጣል። ሶፋው ወጣ ማለት በቃ፣ ተበተንን ማለት ነው።"

"ሳልሰማው እንዴት ጥሩ ነው እላለሁ?"

"ሰምተኸው በል።"

"መጥፎ ቢሆንስ?"

"ትዋሻለሃ! ለእህትህ አንዴ ብትዋሽ ምን ትሆናለህ?"

"እሱን የሚያውቀው ከላይ ያለው ነው" አልኳት ቀና ብዬ ወደ ላይ እያየሁ።

እሷም ቀና አለች። "እዚያ ያለው የእኛ መኝታ ቤት ነው" አለችኝ ተናዳ። "ይልቅ ውረድ፣ ይጠብቅሃል።"

ክፍሉ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የመንገደኛ ጫማ ብቻ ያልፋል። ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጓንት አጥልቆ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የክፍሉን ንድፍ ለጥፎ ስፒከሮቹን እንደ ጥርስ ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ "ላይ ቀኝ ሁለት"፣ "ታች ግራ አራት" እያለ። መሃል ወለሉ ላይ አዲስ ጥቁር የቆዳ ወንበር ተተክሏል፤ ቁልፉ ሲጫን ወደ ኋላ የሚንጋለል፣ እግር የሚያነሳ።

"ይቀመጡ ጋሼ። ዘና ይበሉ። አያምዎትም።"

ተቀመጥኩ። ወንበሩ አንጋለለኝ። ሐኪሙ ሜትር ዘርግቶ ከወለሉ እስከ ጆሮዬ ለካና "ዘጠና ስድስት" አለ፤ ጻፈው። የፊቶቹ ስፒከሮች በጆሮ ቁመት ልክ መሆን አለባቸው፤ እውነት ነው፣ የትኛውም ደብተር ላይ አለ። እሱ ግን የማንን ጆሮ ብሎ ተጨነቀና ቤቱን በሙሉ ጠራ። ትልቋ ልጅ አንድ ጆሮዋን በስልክ ማዳመጫ ደፍና መጣች፤ በዚያው ተለካች። ትንሿ ደግሞ እየሳቀች ስለተቁነጠነጠች ሁለት ጊዜ ተለካች፤ በመሃሉ ሦስት ሳንቲሜትር አደገች። እህቴ ቆማ "እኔ የምቀመጠው ሶፋው ላይ ነው፤ እዚያ ለካኝ" ብላ ቀረች።

በመጨረሻ አባቱ ወረዱ። ከአርባ ዓመት በላይ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ወንበሩን ዞረው ዞረው አዩት።

"የሾፌሩ ይሄ ነው፤ እሺ። ተሳፋሪው የት ነው የሚቀመጠው?"

"አባዬ፣ ድምፁ የሚገጥመው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ሳይንሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።"

"በሃምሳ ሰው ወንበር ሰማንያ ሰው ጭኜ ሁሉም ደርሷል።"

"ደርሷል፤ ግን ተመችቶት ነው?"

"ስለ ምቾት ማን ጠየቀህ? ደርሷል!" አሉና ሄደው የሶፋው ጥግ ላይ ተቀመጡ። የኋላው ግራ ስፒከር የሚሰቀልበት ምልክት ልክ ከመላጣቸው በላይ ነበር።

ስፒከሮቹን በየምልክቱ በርጩማና በመጻሕፍት ላይ ለጊዜው አቆምናቸው። ሐኪሙ ዝናብ የሚዘንብበት ፊልም ከፈተ። "ሶፋው ላይ ልጀምር" አልኩ። እህቴ ደረጃው ላይ ቆማ ዓይኗን አልነቀለችብኝም።

ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተንፏቀቅሁ ሰማሁ። አልቸኮልኩም። እግዜር ያውቃል፣ ጥሩ እንዲሆን ፈልጌ ነው የሰማሁት። ሽማግሌው ጥግ ላይ ስደርስ ዝናቡ በሙሉ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ወረደ፤ ቀኙ ደረቅ ነው። ግድግዳው ደግሞ የቤዙን ድምፅ ያሳብጠዋል፤ ነጎድጓዱ ጆሮዬን ትቶ ወገቤን መታኝ። የተዋናዮቹ ንግግር ግን ከየትም ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ልሸሽገው አልችልም፤ ክፍሉ ጠፋ። ዘነበብኝ።

"እህስ ጋሼ?"

 እህቴ አሁንም እዚያው ደረጃው ላይ ናት።

"ሶፋው ላይ ቤዙ ያብጣል" አልኩ።

"ያብጣል!" አለ ሐኪሙ፣ የሚያውቀው በሽታ ስለተገኘለት ፊቱ በርቶ። "ያበጠ ነገር መውጣት ነው ያለበት።"

"ቆይ ዶክተር፣ ወሬው ግን ከሶፋውም ደህና ይሰማል። ለቤተሰብ ይበቃል..."

እሱ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ደቅኖ ዕቃ ጫኞች እየጠራ ነበር። እህቴ ዞራ ወደ ላይ ወጣች።

ጫኞቹ ሶፋውን ደረጃው ላይ በጎኑ፣ በጀርባው፣ በጭንቅላቱ እያገላበጡ ሳሎን ድረስ አደረሱት። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ የምግብ ጠረጴዛው ግማሹን ይዞታል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ "እዚሁ አስቀምጡት። እስከ ሰኞ" አለች። የየትኛው ሳምንት ሰኞ እንደሆነ አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት አልደወለችልኝም። እኔም ስደውል ስልኩን የምታነሳው ትንሿ ናት፤ "እማዬ የለችም ትልሃለች፣ አጎቴ" ትለኛለች።

በሦስተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ የደወለው ሐኪሙ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ የማላውቀው ድምፅ ገብቶብኛል። ከላይ ነው የሚመጣው። ከየትኛው ስፒከር እንደሆነ ላገኘው አልቻልኩም።"

ስደርስ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ሪሞቱን ደረቱ ላይ አድርጎ አገኘሁት። ብቻውን ነው። ደረጃው ሥር ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመሃላቸው አሮጌ መጽሔቶች ተደርድረዋል።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?"

"ተራ መጠበቂያ" አለኝ። "ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ሰጥቼ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም መጡ። ትልቋ ሁለት ጊዜ። ከዚያ..." መጽሔቶቹን አየ። "ሰው ሥራ ይበዛበታል።"

ጸጥ ብለን አዳመጥን። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ያወራሉ። ድንገት ከላይ የሆነ ነገር ዱብ አለ፤ ተከትሎም አንድ ነገር ፈነዳና ተንከባለለ።

"ያውና! ላይ ቀኝ ሁለት መሰለኝ።"

ያንን ስፒከር አጠፋሁት። ድምፁ አልቀረም። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነስቶ ጥርስ እንደሚመረምር ሰው አንድ በአንድ ጣቱን ያሳርፍባቸው ጀመር። "ይሄ ነው? ይሄስ?" እኔ አጠፋለሁ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ቤዙም ጠፋ። በረሃው ድዳ ሆነ። ከላይ የሚመጣው ግን ይበልጥ ጎልቶ ተሰማ።

"ሁሉንም ነቅለን ሕመሙ አልቀረም" አለ ግራ ተጋብቶ። በሥራው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የሚያውቅ አይመስለኝም።

"ዶክተር፣ ሶፋው ነው።"

"የቱ ሶፋ?"

"ያስወጣነው። ሳቃቸው ነው።"

ጣሪያውን ብዙ አየው። "ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቃቸው?"

"እሱ እዚህ አይሰማም።"

"ማፈን ይቻላል?"

ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ በልቤ እየለመንኩ ነበር። ከመጣ ግን ምን ይደረጋል። "ይቻላል። ኮርኒሱን ከፍተን በሱፍ ብንሞላውና ሌላ ኮርኒስ ብንደርብበት፣ ከእነሱ ምንም አይሰማህም።"

"ምንም?"

"ምንም። ስትጠራቸውም አይሰሙህም።"

ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። "እስቲ ሶፋው በየት በኩል እንዳረፈ ከላይ እንለካው" ብሎ ደረጃውን ወጣ። ተከተልኩት።

አራቱም ሳሎን ሶፋው ዘንድ ናቸው። አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ጠረጴዛው ላይ ተከፍታ ጣሳ ውስጥ እንደ ገባች ትንኝ ትጮሃለች፤ የሚያያት የለም። በአንድ ወቅት ከመነሻ እስከ መድረሻ ድረስ እንቅልፍ ወስዶት፣ አውቶቡሱ ቤቱ መስሎት ጫማውንና ሱሪውን አውልቆ ስላጣጠፈ ተሳፋሪ ሽማግሌው እያወሩ ነበር። ትንሿ ልጅ ከሶፋው ወድቃ ወለሉ ላይ ሆዷን ይዛለች። ዱብ ያለው እንግዲህ እሷ ናት።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆመ። የሜትሩን ጫፍ ለእኔ አቀበለኝና ሊዘረጋው ሁለት እርምጃ ሄደ። አባቱ ወሬያቸውን አቋረጡ።

"አንተ ሰውዬ፣ መተላለፊያው ላይ አትቁም! ጠጋ በሉ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ! ቦታ አለ!"

አርባ ዓመት ተሳፋሪ የታዘዘለት ድምፅ ነው። ልጆቹ ተጠጉ፣ እህቴም ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች አንድ ስንዝር ተጠጋች። ሐኪሙ ሜትሩን እንደያዘ በግማሽ መቀመጫው ዳር ላይ ተቀመጠ። ጫፉ ከእጄ አመለጠና ተጠቅልሎ ሄዶ ጣቱን መታው።

"እና ከዚያስ አያቴ?" አለች ትልቋ። ሁለቱም ጆሮዎቿ ባዶ ናቸው።

"ከዚያማ ቀሰቀስኩት። 'የኔ ጌታ፣ ደርሰናል' ብለው 'በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል' አይለኝም!"

ሳቁ። ሐኪሙም ፈገግ ለማለት ሞከረና ወዲያው ዓይኑ ቴሌቪዥኗ ላይ አረፈ። ታገለ፤ ዝም ለማለት ሲታገል አየሁት።

"ይቺ እኮ ድምፅ የምታወጣው በጀርባዋ ነው" አለ። "ቢያንስ ሁለት ትንንሽ ስፒከር በቀኝና በግራ..."

"ባቢ!" አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

"አንዲት ቃል ብትጨምር" አለች እህቴ፣ አሁንም መስኮቱን እያየች፣ "ወደ ወንበርህ ነው የምትወርደው።"

ሐኪሙ አፉን ዘጋ። የስንቱን አፍ ሲያስከፍት የኖረ ሰው የራሱ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሜትሩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው። ጥቂት ቆይቶም የመቀመጫው ሌላኛው ግማሽ ሶፋው ላይ ገባ፤ እህቴ ቦታ ለቃለት እንደሆነ ወይም ራሱ ገፍቶ እንደሆነ አልለየሁም።

"አንተ ደግሞ አትገተር" አለችኝ እህቴ። በሦስት ሳምንት ለእኔ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃሏ ናት። "የታችውን መብራት አጥፋና ና። ወንበር ከጠረጴዛው ሳብ።"

ወረድኩ። የቴሌቪዥኑን ስክሪን አጠፋሁ፣ አምፕሊፋየሩን አጠፋሁ። እጄን የመብራቱ ማብሪያ ላይ እንዳደረግሁ ቆምኩ። ከጣሪያው በላይ በስተግራ ትንሿ ናት፤ ሳቋ እንደ ደወል ይቀድማል። ከጎኗ ትልቋ። መሃል ላይ የሽማግሌው ወፍራም ድምፅ፣ ከነሳላቸው። ከዚያ የእህቴ። በመጨረሻም ከቀኝ ዳር፣ ከሁሉም ዘግይቶ የሚመጣ፣ ያልተለማመደ፣ ጎርናና ሳቅ። ቆጠርኳቸው፤ አምስት ናቸው። ተመስገን አልኩ።

የሐኪሙ ድምፅ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ስንዝር ያህል ወደ መሃል ቢገባ ይሻል ነበር። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።