የራህማ በሮች

በእኛ ሰፈር በር ሲንኳኳ ከውስጥ «ማን ነው?» ይባላል፤ የሚታወቅ ሰው ደግሞ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ስሙን አይናገርም፤ ድምፁ ይበቃዋል። እኔ ግን ይህን ቀጣና ከተረከብኩ ጀምሮ የምለው «ከጤና ጣቢያ ነው» ነው። ይህን ስል ከውስጥ ያለው ሰው ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል፣ ጫማውን ይፈልጋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በመጨረሻም በሩን ጣት በምታስገባ ክፍተት ገርበብ አድርጎ «ራህማስ?» ይለኛል።

ራህማ ከእኔ በፊት ቀጣናውን ይዛ የነበረች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡር ስትከታተል፣ ሕፃን ስታስከትብ፣ የአዛውንት ግፊት ስትለካ ኖራ ኖራ፣ አንድ ቀን በቃኝ አለችና አየር ጤና አደባባዩ አጠገብ የሴቶች ልብስ መሸጥ ጀመረች። በእሷ ቦታ ሰው ይቀጠራል ተባለ። የተቀጠረ የለም፤ የእሷ ቀጣና በእኔው ላይ ተደረበ እንጂ። እኔም ብሆን አንድ የግል ሆስፒታል ማመልከቻ አስገብቼ ጥሪ እጠብቅ ነበር፤ ለማንም ግን አልተነፈስኩም። ብቻ በየበሩ ራህማ፣ ራህማ፣ ራህማ! ሴትዮዋን አይቻት ሳላውቅ ጠምጃት፣ ለጠየቀኝ ሁሉ አማት ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት አዋላጁ ግሩም የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ሲስተር ፅዮን፣ ትናንት ከሰዓት ሃፊዛ የምትባል ነፍሰ ጡር መጥታ ነበር» አለኝ ሰላምታም ሳይሰጠኝ። «ግፊቷ ያስደነግጣል። ፊቷ አብጧል፣ ሽንቷም ጥሩ አይደለም። ወደ ሆስፒታል ልጻፍልሽ፣ ቁጭ በይ አልኳት። ወዲያው ማዋለጃ ክፍል ያለችው ጮኸች፤ ሮጥኩ። አዋልጄ ስወጣ ወንበሩ ባዶ ነው።»

«ስልኳስ?»

«ዝግ ነው።»

«እንዴ፣ የሚጠብቃት ሌላ ሰው አልነበረም?»

«ማን ይኑር?» አለና አፈጠጠብኝ። እውነቱን ነው። ሁለተኛዋ አዋላጅ ከለቀቀች ወዲህ ማዋለጃውም ክትትሉም እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ ካልተገኘች ማንቀጥቀጥ ሊጀምራት ይችላል። ከዚያ በኋላ እናትየውም ልጁም…»

አድራሻ ብላ የተናገረችው «ከጋራዡ ጀርባ፣ የእማማ ተሻለች ግቢ» የሚል ነው። ባሏ፣ አነስ የሚባለው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ብቻዋን ናት ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ግማሽ እየሮጥኩ ወጣሁ። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ስለነበር ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሄዳል፤ እኔ የመለኪያ ቦርሳዬን ይዤ እሄዳለሁ።

አረንጓዴውን የቆርቆሮ በር አንኳኳሁ።

«ማን ነው?»

«ከጤና ጣቢያ ነው፣ እማማ።»

ከግቢው ጓሮ አንድ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። እማማ ተሻለች ነጠላቸውን አጣፍተው ብቅ አሉ፤ መጀመሪያ ያዩት ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ነው።

«ራህማስ?»

«ራህማ ለቃለች፣ እማማ። ሃፊዛ የምትባል ነፍሰ ጡር ፈልጌ ነው። ተከራይዎ ናት አሉኝ።»

«ተከራይ» የምትለዋ ቃል ከአፌ እንደወጣች ፊታቸው ተለዋወጠ። የቤት ኪራይ ውል ይመዝገብ ከተባለ ወዲህ፣ ጓሮው ውስጥ ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ ሊመዘግበው የመጣ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ባጄን አንጠልጥዬ፣ ቃሏን ራሷን ጠርቼ ቆሜያለሁ።

«ተከራይ የለኝም። እኔና ልጄ ብቻ ነን።»

«እማማ፣ ከኪራይ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር የለም። ልጅቷ በጣም ታማለች። ልትሞት ትችላለች እኮ!»

«ባለፈውም አንዱ ቆጣሪ ላንብብ ብሎ ገብቶ ክፍል ሲቆጥር ነው ያገኘሁት። ዘዴያችሁ አያልቅም።»

በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰፊ የእርጉዝ ቀሚስና ጥቁር ሂጃብ ተሰጥቷል፤ ገና ውሃው ይንጠባጠባል። እማማ ተሻለች አንገታቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አላቸው።

«ታዲያ ይሄ ሂጃብ የማን ነው?»

«የጎረቤት። የእኛ ግቢ ፀሐይ አለው።»

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። «ሃፊዛ! ሃፊዛ!» ብዬ በኃይል ተጣራሁ። የመለሰልኝ የለም። በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ተወረወረ።

ፖሊስ ልጥራ አልኩ። ፖሊስ ቢመጣ በሩ ይከፈታል፤ ግን እስኪመጣ ምን ልትሆን ነው? ደግሞስ ከዚያ ወዲያ በዚህ ሰፈር ለእኔ የሚከፈት በር ይኖራል? አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሷን መለመን ደግሞ ሞት ሆኖ ታየኝ። ሞት የሚለውን ሳስብ የሃፊዛ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ወደ አደባባዩ ሮጥኩ።

ራህማ ለልብስ ማሳያ አሻንጉሊቷ ሻርፕ እያሰረች አገኘኋት፤ የመርፌ ቁልፎች በከንፈሯ ይዛለች።

«ሲስተር ራህማ?»

«እዚህ ሲስተር የለም፣ ሻርፕ ነው ያለው። ማን ልበል?»

«ፅዮን ነኝ። ቀጣናሽን የያዝኩት።»

«አሃ! በየበሩ የምታሚኝ አንቺ ነሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ጊዜ አልነበረኝም፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። «ፊቷ አብጧል» ስል መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አወጣች።

«ሃፊዛ? የአነስ ሚስት? የመጀመሪያ ልጇም እንዲህ ሆና ነው ሆዷ ውስጥ የሞተባት። እኔ ነኝ ባዶ እጇን ከሆስፒታል ያመጣኋት።» የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች ሳበችው። «ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«ተከራይዎ…»

«ያ ረቢ! እማማ ተሻለች ፊት ተከራይ ይባላል? ‹እንግዳዎ› ነው የሚባለው። ባጅሽንም ኪስሽ ክተቺው።»

እየሮጠችም መቆጣቷን አልተወችም። እኔ ግን በመቆጣቷ ደስ አለኝ፤ ዝም ብትል የባሰ እፈራ ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ በመዳፏ ቸብ ቸብ አደረገችው።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

መቀርቀሪያው ወዲያው ተሳበ። «አንቺ ከዳተኛ!» አሉና እማማ ተሻለች አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ።

«በኋላ ይስሙኛል፣ እማማ። እንግዳዎ ሃፊዛ የት ናት?»

እማማ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ። «ጓሮ ናት። ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታለች። እኔ እኮ እንዲህ መሆኗን…»

አላስጨረስናቸውም። ሃፊዛ መስኮቱን በጨርቅ ጋርዳ፣ ራሷን በሻሽ ጠፍራ፣ መሬት ላይ ባለ ፍራሽ ተኝታለች። የዓይኖቿ ቆብ ስላበጠ የምታየን በስንጥቅ ነው። ክንዷ ላይ መለኪያውን አሰርኩ። ቁጥሩ ግሩም ከነገረኝም ብሷል።

«ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» አለች። «ትናንት ሆስፒታል ሲለኝ የመጀመሪያ ልጄ ትዝ ብሎኝ ነው የሸሸሁት።»

«ስጠራሽ ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቻለሁ።» ማልቀስ ጀመረች። «መዝጋቢ መስለሽኝ ነው። ተከራይ መኖሩ ከታወቀ ውጪ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ልጄን ይዤ የት እገባለሁ?»

በሩ ላይ የቆሙት እማማ ተሻለች አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ ነጠላቸው መሬት ለመሬት እየተጎተተ ወደ ውጪ ሮጡ። ለግሩም ስደውል አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋው ከመንገድ በኩል የእማማ ጩኸት ተሰማ። «ኮንትራት! ኮንትራት ነው የምልህ፣ ቁም!» አንድ ሚኒባስ ከነተሳፋሪው አስቁመው ተሳፋሪውን እያስወረዱ ነበር።

ግሩም የጤና ጣቢያው በር ላይ መርፌውን ይዞ ጠብቆ እዚያው ሚኒባሱ ወንበር ላይ ወጋት፤ ማዋለጃው ውስጥ ሌላ ሴት ስላለች አብሮን መምጣት አልቻለም። አደባባዩ ላይ መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ያንባርቃል፣ መንገዱ አይንቀሳቀስም። ሃፊዛ የራህማን እጅ ጨብጣለች፤ እኔ አፏን አፏን አያለሁ። መንጋጋዋ ገጠም ባለ ቁጥር ስሟን እጠራለሁ። ጌታዬ ሆይ፣ እዚህ መኪና ውስጥ አይሁን ብዬ ተማጸንኩ። ሆስፒታል ደርሰን አልጋ ላይ ስትወጣ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ወዲያው እየገፉ ወሰዷትና በሩ ተዘጋብን።

ረጅም ወንበር ላይ ተቀመጥን። ራህማ እጇ ላይ የቀረውን የጥፍር ምልክት ታሻለች።

«ለምን ለቀቅሽ?» አልኳት።

«ሁሉም በር እኔን ብቻ የሚጠብቅ ሲሆን እንቅልፍ አጣሁ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ማን ሞተብኝ እላለሁ። ሁለት ሆነን ቢሆን ኖሮ እስካሁን እቆይ ነበር።»

«ተመለሽ። ሁለት እንሁን።»

«ዛሬ ለሃፊዛ ነው የመጣሁት» አለች ወደ በሩ እያየች።

ሐኪሟ ስትወጣ ሁለታችንም እኩል ተነሳን። በኦፕሬሽን ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ እናትየው ግን ገና ናት፣ ጠብቁ አለችን። ራህማ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምኑንም አልደበቅኩም። ሃፊዛ ዓይኗን ገልጣ ልጇን የጠየቀችው በማግስቱ ነው።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። የዚያን ቀን ጠዋት የግል ሆስፒታሉ መልእክት ደርሶኝ ነበር፤ ነገ መጥተሽ ውል ፈርሚ ይላል። በሩ ፊት ስቆም እጄ ኪሴ ውስጥ ወዳለው ባጄ ሄደ። ተውኩት።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጫማ ሲጎተት ሰማሁ። መቀርቀሪያው ተሳበና በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። «ግቢ፣ ልጄ» አሉ እማማ ተሻለች። «ሃፊዛ እያጠባች ነው።» ከኋላዬ በሩን ዘጉ፣ ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«አንቺስ መቼ ነው ጥለሽን የምትሄጂው?»

መለኪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ፣ እማማ። ግፊትዎን ልየው።»

«ራህማም ይህን ስጠይቃት ግፊቴን ትለካኝ ነበር» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።