ተከሳሹ ያረሙት ደብተር

አያልነሽ ጎረቤቷን ስትከስ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው ሀበሻ ሁሉ ቅር አለው። ሽማግሌ እያለ ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ግን ሦስት ጊዜ ተልከው፣ ሦስቱንም ጊዜ ጋሼ ኣስፍሃ ጥሩ ምሳ አብልተው ሸኝተዋቸዋል። አሁንም ለአራተኛ ጊዜ እንላክ የሚሉ አልጠፉም።

ጋሼ ኣስፍሃ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር ከአያልነሽ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ኤርትራዊ ጡረተኛ ናቸው። ድሮ አስመራ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ አማርኛቸው ከእሷ አማርኛ የጠራ ነው። ክፋታቸውም የአስተማሪ ክፋት ነው፤ ሰዓት ያከብራል። ጠዋት ጠዋት በከዘራ በሯን ይደበድባሉ፣ የውሃ መስመሯን ይዘጋሉ፣ ለምግብ ቤቷ ሰገነቷ ላይ ያሰጣችው በርበሬ ላይ ከላይ ውሃ ይደፋሉ። ለምን ስትላቸው፣ በርበሬው የተሰጣው ሰገነትሽ ላይ ሳይሆን ሳንባዬ ላይ ነው ይሏታል።

አከራዩ የሁለቱን አቤቱታ መስማት ታከተውና፣ በክሱ ከተረታሽ ውልሽን አላድስም ብሎ ጻፈላት። ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ቤት ነው።

ጠበቃዋ ሙርሺዳ የሞምባሳ ልጅ ናት። የደረሰብሽን ሁሉ በቀንና በሰዓት መዝግቢ አለቻት። አያልነሽም ሰባት ወር ሙሉ በአማርኛ መዘገበች። ከተማ ያለ አንድ ተርጓሚ ደብተሩን ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠና በየገጹ ማኅተም መታበት።

የችሎቱ ቀን ጋሼ ኣስፍሃ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው መጡ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘውም ማሉ። ጠበቃቸው ትርጉሙን እያወዛወዘ ተነሣ። ከሳሽ እንደምትለው ደንበኛዬ በሯን የሚደበድቡት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ በየፎቁ መሃል ያለው የብረት በር ግን እስኪነጋ ተቆልፎ ነው የሚያድረው፤ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ በየት በኩል አለፉ? አለ።

ተርጓሚው አያልነሽ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ያለችውን በፈረንጅ ሦስት ሰዓት፣ ማለትም ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አድርጎታል። ሙርሺዳም ነቃች፤ በስዋሂሊም ቢሆን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሱቅ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ዳኛዋም ስዋሂሊ ተናጋሪ ናቸውና ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። ነገር ግን የሚፈርዱት በገባቸው ሳይሆን በቀረበላቸው ነው፤ የቀረበላቸው ደግሞ ማኅተም አለው።

ሙርሺዳ ደብተሩን አንሥታ ወደ ጋሼ ኣስፍሃ ሄደች።

«አማርኛ ያነባሉ?»

ስድብ የሰሙ ያህል አዩዋት። «አስተምሬበታለሁ።»

«እስቲ ይቺን መስመር ያንብቡልን።»

መነጽራቸውን አደረጉ። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሳቸውና ከአያልነሽ በቀር ፊደሉን የሚያውቅ የለም። ሌሊት ይላል ቢሉ አበቃ፤ ዕቃዋን ጭና ፓርክላንድስ ሰፈር እህቷ ጋ ልትገባ ነው።

ጋሼ ኣስፍሃ ደብተሩን አነበቡ፣ ትርጉሙን አነበቡ፣ እንደገና ደብተሩን አነበቡ። ከዚያ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። የችሎቱ ጸሐፊ ግን ማስረጃ ላይ አይጻፍም ብሎ እስክሪብቶውን በትሕትና ተቀበላቸው።

«ይህን የተረጎመው ማነው?» አሉ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው የሚለው። በእንግሊዝኛ የጠዋት ዘጠኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ማኅተም መምታት ነውር ነው።»

ጠበቃቸው ሳል ያዘው። እሳቸው ግን አንዴ ማረም ከጀመሩ ገጽ የሚዘሉ ሰው አይደሉም።

«እዚህ ደግሞ ሁለት ባልዲ ውሃ ይላል። ስሕተት ነው። አንድ ባልዲ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?» አለች ሙርሺዳ።

«የደፋሁት እኔ፤ እንዴት እርግጠኛ አልሆንም?»

ጠበቃቸው ቁጭ አለ። ጋሼ ኣስፍሃ በቃል ማረሙን ቀጠሉ። በሩ ሰባት ጊዜ ተመታ የተባለውን አምስት አደረጉት፤ ውሃው የተዘጋበትን ማክሰኞ ወደ ረቡዕ አዛወሩት፤ አያልነሽ የረሳቻቸውን ሁለት ቀናትም ጨመሩላት። ሲጨርሱ ደብተሩን አጥፈው፣ አሁን ትክክል ነው ብለው ለዳኛዋ አስረከቡ።

ዳኛዋ ብዙ አልቆዩም። ተከሳሽ የከሳሽን በር፣ ውሃና በርበሬ እንዳይነኩ፣ በጠበቃ በኩል ካልሆነም እንዳያናግሯት አዘዙ። አያልነሽ የትእዛዙን ፎቶ ለአከራዩ ላከችለት። በስዋሂሊ «ሳዋ»፣ እሺ፣ ብሎ መለሰ፤ ውሉ ታደሰ ማለት ነው።

ውጭ ዝናብ ጥሏል። ጋሼ ኣስፍሃ አያልነሽን አልፈው ሙርሺዳ ፊት ቆሙ።

«ጃንጥላዋን አግዳሚው ላይ ረስታዋለች በያት» ብለው አቀበሏት።

አያልነሽ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ በዪልኝ» አለች። ቆየችና፣ «የራሳቸውስ አላቸው?»

«የለኝም በያት።»

ሙርሺዳ የሁለቱንም መልእክት ከነጃንጥላው አደረሰች፤ ሥራዋ ነው። አያልነሽ አሰበች። ትእዛዙ ስለ ጃንጥላ የሚለው ነገር የለም። ዘረጋችውና ወደ ግራ ጠጋ አለች። ጋሼ ኣስፍሃም ከዘራቸውን ወደ ውጭ በኩል አዙረው ከጃንጥላው ሥር ገቡ። ሁለቱ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ማታቱው፣ ወደ ሚኒባስ ታክሲው፣ ፌርማታ ሲያዘግሙ፣ ሙርሺዳ፣ ምናልባት የሚባባሉት ነገር ቢኖር ብላ፣ ፋይሏን ራሷ ላይ ደፍታ ከኋላ ከኋላቸው ተከተለች።