ሳይደርስ አይቀዳም

ሎሬንትስ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አየው፣ አሸተተው፣ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ጢሙን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ይሄማ ቢራ ነው! ምን ጎደለው ነው የምትለው?»

«ቅቤ ቅቤ ይላል» አልኩት።

«ቢልስ? ዳቦ ይዘን እንመጣለና!»

ደረጃው ላይ ቆሞ የነበረው ሥጋ ሻጩ አልቪን ከት ብሎ ሳቀ። የምድር ቤታችን ጣሪያ ዝቅ ያለ የድንጋይ ቅስት ስለሆነ እዚያ ውስጥ የተሳቀ ሳቅ ቶሎ አይሞትም፤ ከጋን ወደ ጋን ሲንከባለል ይቆያል።

እኔ አልሳቅሁም። ከብረት ጋኑ ትንሿ ቧንቧ ለራሴ ጥቂት ቀድቼ እንደገና ቀመስኩ። ወርቅ የመሰለው ቀለሙ ላይ ገና ጭጋግ አለ። የሆፕ አበባው ምሬት መጥቷል፤ ግን ከብቅሉ ጋር አልተዋወቀም፣ ድግስ ቤት ሰው እንደማያውቅ እንግዳ ጥግ ይዞ ቆሟል። ከምላሴ በስተኋላ ደግሞ ያ የቅቤ ጣዕም ስስ ሆኖ ይለጠፋል። በሽታ አይደለም፤ ልጅነት ነው። እርሾው ጊዜ ካገኘ ያመጣውን ራሱ መልሶ ይበላዋል። ዘንድሮ ግን ፀደዩ ቀዘቀዘና እርሾው አዘገመ። ገና ሳምንታት ይፈልጋል። በሰኔ ደመራ የምናነድድበት የዮሐንስ እሳት በዓል ግን የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ሎሬንትስ የመንደራችን የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ማኅበር አለቃ ነው። ማኅበሩ ዘንድሮ መቶ ሃምሳ ዓመት ይሞላዋል፤ ከሰባት መንደር ሰው ተጠርቷል። በዚያ በዓል የሚጠጣው ደግሞ ሁልጊዜ ይሄው የእኛ ፒልስ ቢራ ነው። አጎቴ ባልታዛር ካረፈ ወዲህ ጠማቂው እኔ ነኝ፤ ላይ ቤት ያለውን መጠጥ ቤት የምትይዘው ሚስቱ፣ አክስቴ ዋልቡርጋ ናት። የዚያ አንድ ቀን ሽያጭ ነው የበረዶውን ክረምት የሚያሻግረን። እሱ ከቀረ ጠመቃ ቤቱ እስከ ፋሲካ መቆሙን እንጃ። ይህን ሎሬንትስም ያውቃል።

«ኪሊያን» አለኝ ድምፁን አለስልሶ፣ «የጠየቅሁህ ቢራ እንጂ ቅዱስ ቁርባን አይደለም። ዓርብ በርሜሎቹን እንወስዳለን፣ በቃ።»

«አልደረሰማ።»

«አንተ ካልሰጠኸን የከተማው ፋብሪካ ይሰጠናል። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ማቀዝቀዣ መኪናውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ግን ለሦስት ዓመት ፈርሙ ይላል። እንፈርማለን፤ ኋላ እንዳታለቅስ።»

«ፈርሙ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ምድር ቤት ወርጄ፣ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ፣ ውስጥ የሚንተከተከውን እየሰማሁ ሌላ ዓለም ውስጥ መግባት ነው የሚቀናኝ። ሰው ስለሚያውቀኝ «ሕልመኛው» ይለኛል፤ ከሕልመኛ እንቢታ አይጠበቅም።

እኔም አባል በሆንኩበት ማኅበር ውስጥ ሽማግሌም ሆነ ጎረምሳ «አንተ» ነው የሚባባለው፤ አንድ የውሃ ቱቦ አብሮ የያዘ ሰው አንቱ አይባባልም ይላሉ። ሎሬንትስ ግን ብርጭቆውን በርሜል ላይ አስቀመጠና ኮቱን ቆለፈ። «እንግዲያውስ እንደፈቀዱ ጌታው። እርስዎ ያውቃሉ» አለኝ። በጥፊ ቢለኝ ይሻል ነበር።

አክስቴ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ነጭ ፍጅሏን፣ ከቢራ ጋር የምንበላውን ሥር፣ በስሱ እየቀረደደች ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«ልጄ፣ በረዶ እስኪመስል አቀዝቅዘህ ስጣቸው። ምላስ ከደነዘዘ ቅቤውን ማን ያገኘዋል?»

እውነቷን ነው፤ ጠማቂ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት።

«እኔ አገኘዋለሁ» አልኳት።

«አንተ እኮ አንድ ሰው ነህ! ደግሞ ሰው ሞቅ ካለው ቅቤና ማር አይለይም።»

«የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው ገና አልሞቀውም፣ አክስቴ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አጎትህም እንዲህ ድርቅ ይል ነበር። እሱ ግን አደብ የምታስገዛው ሚስት ነበረችው።» ፍጅሉ ላይ ጨው ነሰነሰች። ጨው ሲነካው ፍጅል ውሃ ያወጣል፤ እንባ ነው እንላለን እኛ። ያን ዕለት ከእሷም ዓይን ትንሽ ወረደ መሰለኝ፤ ጠጋ ብዬ አላየሁም።

በማግስቱ ወሬው ዳቦ ቤት ቀድሞኝ ደረሰ። አልቪን ወረፋው መሐል ቆሞ ጠበቀኝ።

«ሕልመኛው! ቢራህ ተነሣ ወይስ ገና ተኝቷል? እሹሩሩ አብዝተህበት ይሆናል እኮ!»

«አንተስ ቋሊማህን ጥሬውን ትሸጣለህ?» አልኩት።

«እንዴታ! በሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬ፣ ዳቦ ላይ ቀብቶ! የት አገር ያደግህ መሰለህ ወንድሜ?»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ልክ ነው፤ እኔም ያን ጥሬ የተፈጨ ሥጋ ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት እበላለሁ። ዳቦዬን ታቅፌ ወጣሁ፤ በርሜሎቹን ግን አልሞላሁም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ የፋብሪካው መኪና በቤታችን በር አልፎ ወደ በዓሉ ሜዳ ወጣ። አክስቴ መጋረጃውን ሳበች። እኔ የማኅበሩን ሰማያዊ ልብስ ለበስኩ።

«ልትሄድ ነው?» አለችኝ።

«ቱቦ ያዥ ነኝ።»

«ይስቁብሃላ።»

«ይሳቁ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ እንጨቱ ተቀጣጠለ፤ እኔም ቱቦዬን ይዤ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ማንም አላናገረኝም። አልቪን ብቻ አረፋው የሚፈስ ብርጭቆ ይዞ እየተንገዳገደ መጣ።

«ያዝ፣ ጠጣ! ሰዓት የሚያከብር ቢራ ማለት ይሄ ነው!»

ጎረቤቶቼ ዞረው አዩኝ። ተቀበልኩትና ቀመስኩት። በአፌ ውስጥ አዟዟርኩት፤ ዋጥኩት። ጠበቅሁ። ምንም የሚመጣ ነገር የለም።

«እንዴት ነው?» አለ አልቪን።

«ነውር የለበትም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ሌላም ነገር የለበትም።»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ። ሎሬንትስ ከእሳቱ ማዶ ጀርባውን ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሥራዬ ጋኑ ሥር መቀመጥ ሆነ። ቅቤው አንድ ቀን ድንገት አልጠፋም፤ እንደ ጠዋት ጉም ሳላየው ሳሳ። በአንዱ ማለዳ ስቀዳ ብርጭቆው በኩል የገዛ ጣቴን መስመር አየሁ። አሸተትኩት፤ ገና የታጨደ ሣርና የዳቦ ቅርፊት። ስቀምሰው ብቅሉ ቀድሞ ገባ፤ ጣፋጭ ነኝ ሊል አፉን ሲከፍት ምሬቱ ደረሰና ቃሉን ነጠቀው። ግን አልተጣሉም። ምሬቱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እስከ ጉሮሮዬ ወረደ፤ ሲያልቅም ምላሴን ባዶ አልተወውም፣ ድገመኝ አለ። አክስቴን ጠራኋት። ቆማ ጠጣች። ብርጭቆውን እንድሞላላት መልሳ ዘረጋችልኝና ነጠላ ጫማዋን እያንቋቋች በሩን ልትከፍት ወጣች።

በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፒልሱ ደርሷል» ብዬ በጠመኔ ጻፍኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውሻ እንኳ አልመጣም። ከዚያ አልቪን፣ «ቋሊማ ላደርስ ነው» ብሎ ገባና ተቀመጠ። ማንም ቋሊማ አላዘዘም። ቀስ በቀስ ሌሎችም ገቡ፤ ሰላምታ በጥርስ ውስጥ። መጨረሻ ላይ ሎሬንትስ።

«አንድ ፒልስ» አለ፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ።

ብርጭቆውን አጋድሜ አንድ ጊዜ ቀዳሁ፤ አረፋው እስኪወርድ ተውኩት።

«ምን ይጠብቃሉ?» አለ።

«አረፋውን።»

«ሦስት ሳምንት ጠብቀን ደግሞ አረፋ?»

«አዎ።»

ደገምኩ፤ ተውኩት። ሦስተኛው ላይ አረፋው ከብርጭቆው አፍ በላይ ቀጥ ብሎ ቆመና አልፈሰሰም። አቀረብኩለት። ጠጣ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመና በብርጭቆው ግድግዳ ላይ አረፋው የተወውን ቀለበት አየ።

«መጠጣት ይቻላል» አለ።

አልቪን ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ የእኛ ሰው ከዚህ አልፎ አያመሰግንም።

ሎሬንትስ ጨረሰና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ስሙኝ። ውሉ ተፈርሟል፤ ግን ስብሰባ ጠርቼ ላስፈርሰው እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይበሉ፤ ከእንግዲህ ለዮሐንስ ዕለት ምንም ቢመጣ፣ ቢራው ይድረስም አይድረስም፣ በርሜሉ ሜዳው ላይ ይገኛል ብለው በአባላቱ ፊት ቃል ይግቡ። ጠመቃ ቤትዎ ይተርፋል።»

አክስቴ ከባንኮኒው ጀርባ እጇን አደረቀች። ሁሉም እኔን አየ። ክረምቱ ታየኝ፤ ባዶው ጋን፣ የማይነድደው ምድጃ።

«ከደረሰ አመጣለሁ» አልኩ። «ካልደረሰ አላመጣም።»

«እንግዲያው ፋብሪካው ሦስት ዓመት ይቆያል!»

«ይቆይ።»

«ግትር!» ብሎ ተነሣ፣ ባርኔጣውን ደፋ። በሩ ጋ ደረሰና ቆመ። ዞሮ ባዶ ብርጭቆውን አየው።

«ሰምተኸዋል ሎሬንትስ» አለች አክስቴ። «ወይ ውጣ፣ ወይ ብርጭቆህን አምጣ። በሩን ከፍተህ ዝንብ አታስገባ።»

ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተመልሶ ተቀመጠ። እኔም ንጹሕ ብርጭቆ አንሥቼ፣ አጋድሜ፣ የመጀመሪያውን ቀዳሁና ተውኩት። ይጠብቅ።